ለውሻ የራሱን ማደሪያ ሣጥን ስለ ማልመድና ስለ ጥቅሙ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ ውሻ አያያዝ፥ ይልቁንም ለቤት ውሻ የራሱ የሆነ ማደሪያ ሣጥን ሠርቶ ወድዶ እንዲገባበት ስለ ማልመድ ጥቂት ልንነግራችሁ እንወዳለን። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከቤት ንጽሕና፥ ከልጆች ደኅንነት፥ አልፎም ከሰው ሕይወት ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ በጥሞና እንድትከታተሉት እንለምናለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከቤት እንስሳት ሁሉ ከሰው ጋር ረጅም ዘመን የኖረው ውሻ ነው። በጀርመን አገር በቦን ከተማ፥ ኦበርካሰል በሚባለው ስፍራ፥ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር አብሮ የተቀበረ የውሻ አፅም በ1914 ተገኝቶ ነበር። ሊቃውንት ዕድሜውን ቢመረምሩት 14,000 ዓመት ያህል ሆኖት ተገኘ። እንግዲህ ሰው ገና እርሻ ሳይጀምር፥ ላምና በግም ሳያረባ፥ ውሻ ከጎኑ ነበረ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን አብሮን የኖረውን ወዳጅ በየግቢያችን እንዴት አድርገን እንደምናኖረው ስንመለከት ግን፥ አያያዛችን ከወዳጅነቱ ጋር የሚስማማ ሆኖ አናገኘውም። በከተማ ብዙው ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል። እንግዳ በሩን ባንኳኳ ጊዜ «ውሻውን ያዙት!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ልጆች ወደ ውስጥ ይሮጣሉ፤ እንግዳውም ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ከልማድ ብዛት የተነሣ ተገቢ መስሎ ይታየናል።

ሰንሰለት ግን ውሻን ጥሩ ጠባቂ አያደርገውም። ማንኛውም እንስሳ አንድ ነገር ሲያስፈራው በመጀመሪያ የሚያስበው መሸሽን ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው መንገድ መናከስ ብቻ ይሆናል። በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ የተደረገና በ1994 የታተመ አንድ ጥናት፥ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው የነከሱ ውሾችንና ማንንም ያልነከሱ ውሾችን አነጻጽሮ ነበር። በውጤቱም በግቢ ውስጥ ታስሮ መዋል በነካሾቹ ዘንድ ይበልጥ የተለመደ ሆኖ ተገኘ፤ የብልጫውም ልክ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። እርግጥ ነው፥ ከመጀመሪያውም ክፉ የሆነው ውሻ ክፋቱ ታይቶ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሰንሰለቱ ክፋቱን እንዳላራቀለት ነገሩ ይመሰክራል።

እንግዲህ ውሻው ሳይታሰር፥ ሰውም ሳይፈራ፥ ቤቱም ሳይበላሽ የሚኖርበት መንገድ አለን? አለ። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ የለመዱት፥ በእንግሊዝኛ «ክሬት» የሚባለው ማደሪያ ሣጥን ከመንገዶቹ አንዱ ነው። ይህም ከጣውላ፥ ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፥ መዝጊያ ያለው፥ በውሻው ልክ የተለካ ጠባብ ቤት ነው። ውሻው በውስጡ ይተኛል፤ ምግቡን ይበላል፤ ሲደክመው ወይም ጫጫታ ሲበዛበት ይሸሸግበታል። ቁም ነገሩም ከመዝጊያው ላይ አይደለም። ሣጥኑ የሚጠቅመው ውሻው ማንም ሳያስገድደው በራሱ ፈቃድ የሚገባበት ሲሆን ነው። በግድ የሚዘጋበት ከሆነ ከሰንሰለት የሚለየው በቅርጹ ብቻ ነው። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ በዚህ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ውሻ በተፈጥሮው የዋሻ እንስሳ ስለ ሆነ በሣጥን መዘጋት ደስ ይለዋል» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል እውነትም ስሕተትም የተቀላቀለበት ነው። የውሻ የዱር ዘመድ የሆነውንና ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮን እንመልከት። በባሌ ተራሮች በዚያ ሁሉ ቁር ውስጥ ዐዋቂው ቀይ ቀበሮ የሚያድረው በሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፥ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ደብቆ ነው እንጂ በጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ጉድጓድ የሚቆፈረው ለመውለጃ ነው። ግልገሎቹም በዚያ ጉድጓድ ተወልደው ሦስት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራሉ። ስለዚህ ዐዋቂ ውሻ ዘመኑን ሁሉ በጠባብ ስፍራ መኖርን ይወዳል ማለት አይቻልም።

እውነቱ ግን ከዚሁ ከመውለጃው ጉድጓድ ይገኛል። ቡችላ ገና ሲወለድ እናቱ እየላሰች ታጸዳዋለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖት እግሩ ሲጸና ግን፥ ከሚተኛበት ስፍራ ራቅ ብሎ መጸዳዳትን ራሱ ይጀምራል። መኝታውን ማቆሸሽ አይወድም። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ሣጥን የማልመድ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ጠባይ ላይ ስለ ሆነ፥ አሠልጣኙ አዲስ ነገር የሚፈጥር ሳይሆን ቡችላው ይዞት የመጣውን ጠባይ አቅጣጫ የሚያስይዝ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሞቹ እንለፍ።

የመጀመሪያው ጥቅም ንጽሕና ነው። ቡችላ በቤት ውስጥ ወይም በበረንዳ ላይ በየስፍራው ሲጸዳዳ ብዙ ሰው በመጥረጊያ ይመታዋል፤ አንዳንዱም አፍንጫውን ከቆሻሻው ላይ ያሻሸዋል። ቡችላው ከዚህ የሚማረው ሰውን መፍራትና ተደብቆ መጸዳዳትን ነው። በሣጥን የለመደ ቡችላ ግን መኝታውን ላለማቆሸሽ ራሱን ይገታል። ባለቤቱም ከእንቅልፉ እንደ ነቃ፥ ምግቡን እንደ በላ፥ ተጫውቶም እንዳበቃ ወዲያው አውጥቶ ሁልጊዜ ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ ይወስደዋል። እዚያ ሲጸዳዳ ያመሰግነዋል፤ ትንሽ የሚቀመስ ነገርም ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት ያለ ዱላ ይማራል።

ሁለተኛው ጥቅም የንብረትና የውሻው የራሱ ደኅንነት ነው። ቡችላ ጥርሱ በሚለወጥበት ወራት፥ ይኸውም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ገደማ፥ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ጫማ ቢያኝክ ጉዳቱ የገንዘብ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የአይጥ መርዝ ቢያኝክ ግን የሚሞተው እሱ ነው። ባለቤቱ ለአጭር ጊዜ ዓይኑን ከእሱ በሚያነሣበት ሰዓት ቡችላው የሚያኝከውን ነገር ይዞ በሣጥኑ ቢቆይ ሁለቱም ይድናሉ።

ሦስተኛው ጥቅም ለልጆችና ለእንግዶች ነው። ውሻ የሚናከሰው ሁልጊዜ ከክፋት የተነሣ አይደለም። ተኝቶ ሳለ ሕፃን ቢረግጠው፥ ሲበላ ቢነካው፥ ደክሞት ሳለ ጅራቱን ቢጎትተው፥ ከፍርሃትና ከሕመም የተነሣ ሊናከስ ይችላል። የራሱ ቦታ ያለው ውሻ ግን መሸሻ አለው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ይኑር፤ ይኸውም «ውሻው በሣጥኑ ውስጥ ሲሆን ማንም ልጅ እጁን አይስደድ፥ አይጥራው፥ በእንጨትም አይጎንጉነው» የሚል ነው። ይህ ሕግ ለውሻው ዕረፍት፥ ለልጁም ትምህርት ይሆናል። ትንንሽ ልጆችን ግን በሣጥን ተማምኖ ያለ ዐዋቂ ከውሻ ጋር መተው አይገባም። እንግዳም በመጣ ጊዜ «ውሻውን ያዙት» ማለት ቀርቶ «ግባ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል።

አራተኛው ጥቅም በሕመምና በጉዞ ጊዜ የሚታይ ነው። እግሩ የተሰበረ ወይም በቀዶ ጥገና የታከመ ውሻ እንዳይዘልና እንዳይሮጥ የእንስሳት ሐኪሙ ያዝዛል። ሣጥን የለመደ ውሻ ይህን ዕረፍት በሰላም ይወስዳል፤ ያልለመደው ግን በሕመሙ ላይ ጭንቀት ይጨመርበታል። እንዲሁም ውሻን በአውሮፕላን ጭነት የሚልክ ሰው በሣጥን አድርጎ መላክ ግዴታው ነው። የዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ እንስሳው በሣጥኑ ውስጥ እንደ ልቡ የሚቆምበት፥ የሚዞርበትና የሚተኛበት ስፋት እንዲኖር ያዝዛል። ሣጥኑን አስቀድሞ የለመደ ውሻ የሚያውቀውን አልጋውን ይዞ እንደ ተጓዘ ይቆጠራል።

አምስተኛው ጥቅም ከሁሉ የሚበልጠው ሲሆን ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ውስጥ ከመቶው 99 የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ውሻ ሰውን በነከሰ ጊዜ በብዙ ስፍራ የተለመደው ውሻውን ወዲያው ደብድቦ መግደል ነው። ይህ ግን የተነከሰውን ሰው አይፈውሰውም። ይልቁንም አንድ ትልቅ ማስረጃ ያጠፋል። ምክንያቱም የበሽታው ተሐዋሲ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ የነከሰው ውሻ ተዘግቶ 10 ቀን ቢጠበቅና በጤና ቢገኝ፥ በነከሰበት ቀን በሽታውን የሚያስተላልፍ እንዳልነበረ ይታወቃል። ሣጥን የለመደ ውሻ በሐኪም ምክር ያለ ድብደባና ያለ ትግል እየተዘጋ ሊጠበቅ ይችላል፤ ለክትባትም ሰውን ሳይናከስ ይወሰዳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት አጥብቀን እናሳስባለን። የተነከሰው ሰው የውሻውን 10 ቀን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙ ያዘዘውንም ክትባት ይጀምር። ውሻው በጤና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ክትባቱን መቀጠል ወይም ማቆም የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ውሻው ያበደ የሚመስል ከሆነ፥ ይኸውም ያለ ምክንያት የሚናከስ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ ድምፁ የተለወጠ ወይም መንጋጋው የወደቀ ከሆነ፥ ማንም ሰው ወደ ሣጥን አስገባለሁ ብሎ አይቅረበው፤ ለሚመለከታቸው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ያስታውቅ።

ጥቅሙን ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ሣጥኑ አሠራር ጥቂት እንጨምር። ሣጥን ለማግኘት የግድ ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ በሰፈሩ ያለ አናጢ ሊሠራው ይችላል። ርዝመቱ ከውሻው አፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ተለክቶ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይጨመርበት። ቁመቱም ውሻው ሲቆም ራሱ ጣራውን የማይነካው ይሁን። ለቡችላ እጅግ ሰፊ ሣጥን አይጠቅምም፤ በአንዱ ጥግ ተኝቶ በሌላው ጥግ መጸዳዳት ይጀምራልና። ስለዚህ ሣጥኑ በሚያድግበት ልክ ተሠርቶ መካከሉ በጣውላ ቢከፈልና ቡችላው ባደገ ቁጥር ጣውላው ወደ ኋላ ቢገፋ፥ አንዱ ሣጥን ለዘመኑ ሁሉ ይበቃዋል። በጎንና በጎኑ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ወይም ሽቦ ይኑረው። ምስማሩ ወደ ውስጥ ያልወጣ፥ ጣውላው ስንጥር የሌለው ይሁን። የክረምት እርጥበት እንዳይገባበትም ወለሉ በእግር ከመሬት ከፍ ይበል።

ጣራው ቆርቆሮ ብቻ ሆኖ በፀሐይ ላይ እንዳይቆም ተጠንቀቁ። ውሻ እንደ ሰው በሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በአብዛኛው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ በጋለ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ውሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ውሻን ከመኖሪያ ክፍላቸው ማስገባት የማይወዱ ብዙ ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን፤ ለእነርሱ ጥላና ከለላ ያለው በረንዳ ይበቃል። ብቻ ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሰው ድምፅ ከሚሰማበት ስፍራ አይራቅ። ከእናቱና ከወንድሞቹ በተለየ ማግሥት ብቻውን በግቢው ዳር ቢጣል ሣጥኑን የብቸኝነት ቦታ አድርጎ ይጠላዋል።

ለማስተማር የተሻለው ጊዜ የቡችላነቱ ዘመን ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በሜይን አገር ብዙ ቡችሎችን ለዓመታት መርምረው በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር በቀላሉ የሚለማመደው ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አስረድተዋል። «ሳይርቁ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ እጅግ የሚስማማ ነው። ይህም ሲባል ያደገ ውሻ አይማርም ማለት አይደለም፤ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ይማራል።

የትምህርቱ ምሥጢር ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያሳየው ነው። በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይህ ሊቅ፥ አንድ ድምፅ ሁልጊዜ ከምግብ በፊት ቢሰማ ውሻው ከጊዜ በኋላ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ አረጋግጧል። ይኸውም አንድ ነገር ከመልካም ነገር ጋር ደጋግሞ ከመጣ ራሱ እንደ መልካም ይቆጠራል ማለት ነው። ከክፉ ነገር ጋር ከመጣም እንደዚያው ክፉ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሣጥኑ ከምግብ፥ ከዕረፍትና ከምስጋና ጋር ብቻ እንዲገናኝ ማድረግ ያስፈልጋል።

አካሄዱም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መዝጊያውን ክፍት አድርጋችሁ እንዳይንኳኳ እሰሩት፤ በውስጡም ንጹሕ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ከዚያ ትንሽ የሥጋ ቁራጭ በመጀመሪያ ከደጃፉ፥ ቀጥሎ ከወለሉ፥ በመጨረሻም ከጥጉ ጣሉለት። ሥጋው ወጥ የነካው አይሁን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቡችላው ቢገባ አመስግኑት፤ ቢወጣም ተዉት። ጎትቶ ማስገባት ወይም ከኋላው መግፋት ፈጽሞ አይገባም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የዘወትር ምግቡን በሣጥኑ ውስጥ ይብላ። ያለ ፍርሃት መብላት ሲጀምር፥ እየበላ ሳለ መዝጊያውን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ በልቶ ሳይጨርስም ክፈቱለት። በሚቀጥሉት ቀናት ከበላ በኋላ አንድ ደቂቃ፥ ከዚያ አምስት ደቂቃ፥ ከዚያም ዐሥርና ሠላሳ ደቂቃ ያህል እየጨመራችሁ አቆዩት። በመጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ጥቂት ራቅ በሉ፤ በኋላም ከዓይኑ ተሰወሩ። ሲገባ ሁልጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ግባ» ብትሉ ይበቃል። ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ቃል ይጠቀም፤ አንዱ «ግባ» ሌላው «ሂድ» ካለው ውሻው ይደናገራል። ከመዘጋቱም በፊት የአንገት ማሰሪያው ይውለቅ፤ በሽቦ ተይዞ ሊያንቀው ይችላልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ አንዱን ደረጃ ሳይለምድ ወደ ሁለተኛው መዝለል የተሠራውን ያፈርሳል።

ቡችላው በሌሊት ቢያለቅስ ምክንያቱን ለዩ። ትንሽ አልጎምጉሞ ዝም የሚል ከሆነ ተዉት። ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚያለቅስና የሚቁነጠነጥ ከሆነ መውጣት ፈልጎ ይሆናልና፥ ያለ ጨዋታና ያለ ቁጣ አውጥታችሁ አጸዳድታችሁ መልሱት። ብዙ አሠልጣኞች የሚከተሉት የሰዓት ልክ እንዲህ ነው፤ በቡችላው የወር ዕድሜ ላይ አንድ ጨምሩ። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ቢበዛ ሦስት ሰዓት፥ የሦስት ወሩ አራት ሰዓት ይታገሣል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ልክ ስለ ሆነ ከዚያ በታች ማድረግ ይሻላል። ያደገም ውሻ ቢሆን ቀን ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በላይ ሊዘጋ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው የማስጠንቀቂያ ቃል ነው። ሣጥን በአግባቡ ካልተያዘ ግፍ ይሆናል። ለዚህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ አለ። ኖቬምበር 3 ቀን 1957 የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት ላይካ የምትባለውን ውሻ በስፑትኒክ 2 ወደ ሕዋ ላኩ። ከዚያ በፊት እርስዋንና ጓደኞችዋን ለጠባቡ ክፍል ለማልመድ፥ እየጠበበ በሚሄድ ቀፎ ውስጥ እስከ 20 ቀን ድረስ ያቆዩዋቸው ነበር። ውሾቹ መሽናትና መጸዳዳት አቆሙ፤ ዕረፍት አጡ፤ ሰውነታቸውም ተጎዳ። ላይካም ከተነሣች ጥቂት ሰዓታት በኋላ በሙቀት ብዛት እንደ ሞተች በ2002 ተገለጠ። እንግዲህ ያ ማልመድ ለሰው ምርምር እንጂ ለውሻዋ ጥቅም አልነበረም። ውሻ ጠባብ ስፍራን በግድ ሊታገሥ ይችላል፤ መታገሡ ግን መልመዱን አያስረዳም።

በዚሁ ምክንያት በስዊድን አገር የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፥ ለጉዞና ይህን ለመሳሰለ የተወሰነ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፥ ውሻን በቤት ውስጥ በተዘጋ ሣጥን ማኖርን ይከለክላል። መዝጊያው ክፍት ሆኖ ውሻው እንደ ወደደ የሚገባበትና የሚወጣበት ማደሪያ ግን አልተከለከለም። ከዚህ የምንረዳው ዋናው ትምህርት፥ ውሻው ካደገና ከለመደ በኋላ መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ መዋል እንዳለበት ነው።

ሣጥኑም ከቶ የቅጣት ቦታ አይሁን። ውሻው ሲያጠፋ ተቆጥቶ በሣጥን መዝጋት፥ በሠላም የተሠራውን ትምህርት በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፥ በአንድ ቀን ቁጣ በተከፈተው ቀዳዳ ፍርሃት ይገባና ለማስወጣት ወር ይፈጃል። አንዳንድ ውሾች ደግሞ ብቻቸውን ሲቀሩ የሚይዛቸው ብርቱ ጭንቀት አለ። እንዲህ ያለው ውሻ ሲዘጋ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መዝጊያውን እስኪደማ ድረስ ይቧጥጣል፤ ጥርሱንም በሽቦው ይሰብራል። ይህ እልከኝነት ሳይሆን ሕመም ስለ ሆነ ወዲያው አውጥቶ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል።

ከዚህም ሌላ ሣጥን የጎደለውን ሁሉ አይሞላም። ውሻ በየቀኑ መንቀሳቀስና ከቤተሰቡ ጋር መዋል ያስፈልገዋል፤ ንጹሕ ውሃም ሊጎድልበት አይገባም። በሦስት ወር ዕድሜው የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት መከተብ፥ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ መድገም ይገባል። ሣጥን ገዝቶ ክትባት የተወ ሰው ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በደጅ እንደ ተወ ይቆጠራል።

በጠቅላላው ሲታይ ሥራው የሚጠይቀው ጥቂት ጣውላ፥ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስና የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ትዕግሥት ነው። የሚገኘው ጥቅም ግን ብዙ ነው፤ ልጁ ሳይፈራ በግቢው ይጫወታል፤ እንግዳው ከደጅ አይቆምም፤ ሐኪሙ እንስሳውን ያለ ትግል ይመረምረዋል፤ የነከሰም ቢሆን በድንጋይ ከመገደል ይልቅ ተጠብቆ እውነቱ ይታወቃል። ሥራው በደንብ መሠራቱን ለማወቅ የምትፈልጉ እንደ ሆነ መዝጊያውን ከፍታችሁ ዞር በሉ። ውሻው ማንም ሳያዝዘው ገብቶ ተጠቅልሎ ከተኛ ትምህርቱ ተፈጽሟል። ካልገባ ግን ጥፋቱን በውሻው ላይ ሳታደርጉ፥ ወደ መጀመሪያው ቀን ተመልሳችሁ በትዕግሥት ጀምሩ።